ዛፍም ሰብል ነው

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የሚታረስ አንድ ሄክታር መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር በጎርፍ ያጣል። ይህን ግምት ያወጣው የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ ነው። ቁጥሩ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል፤ ከመደጋገሙም የተነሳ ሰሚ አጥቷል። ገበሬው በሚሰፍርበት መስፈሪያ ብናሰላው ግን ሌላ መልክ ይይዛል። 42 ቶን ማለት 420 ኩንታል ነው፤ ከዚያው ሄክታር የሚገኘው ጤፍ ግን በአገር አቀፍ አማካይ 20 ኩንታል አይሞላም። ገበሬው አንድ ኩንታል ጤፍ ወደ ጎተራው ባስገባ ቁጥር ከሃያ ኩንታል የሚበልጥ አፈር ወደ ወንዝ ይወርዳል ማለት ነው። ይህ ሁሉ አፈር በማሳው ላይ እኩል ቢነጠፍ ውፍረቱ አራት ሚሊሜትር ስለማይደርስ በአንድ ክረምት የሚያስተውለው የለም። በአርባ ዓመት ግን 14 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ማረሻ ከሚገባበት ጥልቀት ጋር መሳ ለመሳ ነው። ደግሞም ይህ የሜዳውም የዳገቱም አማካይ ነው፤ ተዳፋቱ ላይ የሚያርሰው ሰው ድርሻ ከዚህ ይብሳል።

መድኃኒቱ ዛፍ ነው የሚለውን የሚክድ የለም። ሥሩ አፈር ይይዛል፣ ቅጠሉ የዝናቡን ጉልበት ያበርዳል፣ ርጋፊው መሬቱን ያለሰልሳል። ታዲያ ገበሬው በገዛ ዳገቱ ላይ ዛፍ የማይተክለው ለምንድን ነው? ከስብሰባ አዳራሾች የሚሰማው የተለመደ መልስ «የግንዛቤ ችግር ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ለተናጋሪው ይመቸዋል፤ ጥፋቱን በሌለው ሰው ላይ ይጥልለታልና። ከማስረጃው ጋር ግን አይስማማም። የሐረርጌ ገበሬ በማሽላና በበቆሎ ማሳው መካከል ክረምት ሲገባ ቅጠሉን የሚያራግፈውን ግራር ሳይቆርጥ የኖረው ማንም ሳያስተምረው ነው። ዛፉ በዝናብ ወራት ጥላ አይጥልም፤ በበጋ ግን ለከብቱ ቅጠልና ፍሬ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ጥናት ማሳዎቹን ሲለካ፣ ከእነዚህ ዛፎች ሥር የበቀለው ሰብል ከዛፉ ርቆ ከበቀለው በአማካይ 56 በመቶ ብልጫ አሳይቷል። ተመራማሪው በቁጥር ያረጋገጠውን ገበሬው በጎተራው ያውቀው ነበር። በጎጃምና በወለጋ ማሳዎች መካከል ዋንዛ ቆሞ የሚታየውም ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ገበሬውን የሚያግደው ሒሳብ ነው። አንድ ሄክታር የማይሞላ መሬት ያለው ሰው ዋንዛ ቢተክል ጣውላ የሚወጣው ግንድ እስኪያገኝ ሃያ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። በእነዚህ ዓመታት ጥላውና ሥሩ ከአዝመራው ይቀንሱበታል፤ የማዳበሪያው ዕዳ ግን በየዓመቱ መከፈል አለበት፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው የእህል ችጋርም ቀጠሮ አይቀይርም። በአራጣ የሚበደር ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣን ሀብት እንደ ሀብት አይቆጥረውም፤ ልክም ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ከሒሳቡ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ዛፉ ሲደርስ የማን ይሆናል? የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ የዳገት ገበሬ ዛፍን የሚያለማው ዛፉ እንደ ማንኛውም ሰብል የመሰብሰቢያ ጊዜ፣ ገበያና የማያጠራጥር ባለቤት ሲኖረው ነው። እርዳታም እርዳታ የሚሆነው እነዚህን ሦስት ነገሮች ሲያሟላ ነው።

የባለቤትነቱን ጉዳይ የኛው ታሪክ በውድ ዋጋ አሳይቶናል። የ1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት ካደረገ በኋላ፣ በተለይም በ1970ዎቹ ዓ.ም.፣ በወሎ፣ በትግራይ፣ በሰሜን ሸዋና በሐረርጌ ተራሮች ላይ በምግብ ለሥራ ፕሮግራም እጅግ ሰፊ የእርከንና የችግኝ ሥራ ተሠራ። ገበሬው ጉድጓድ ቆፈረ፣ ችግኝ ተከለ፣ ስንዴና ዘይቱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ገባ። የተከለው ዛፍ ግን የመንግሥት ወይም የገበሬ ማኅበሩ ነበር፤ ተራራው ሲከለል የግጦሽ ቦታውም አብሮ ተወሰደበት። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ የማኅበራቱ ሥልጣን ሲላላ፣ በ1983 ደግሞ ደርግ ሲወድቅ፣ በብዙ ቦታ ሕዝቡ መጥረቢያውን ይዞ ወደ ተራራው ወጣ። እርከኑም ፈረሰ፣ ባሕር ዛፉም ተጨፈጨፈ። ያን ጊዜ ድርጊቱ እንደ ጥፋት ተቆጠረ። ከገበሬው በኩል ሲታይ ግን፣ በጉልበቱ ተተክሎ ባለቤቱ ሳይታወቅ ከቆመ ዛፍ ድርሻውን ሌላው ሳይቀድመው ማንሳቱ ነበር።

በእነዚያው ዓመታት በካሪቢያን ባሕር ላይ ባለችው ሄይቲ ተቃራኒው ተሞክሯል። ሄይቲ ተራራማ ናት፤ ገበሬዎቿ በተዳፋት ቁራሽ መሬት ላይ በቆሎና ባቄላ ይዘራሉ፤ ደኗም አልቆ ነበር። ቀደም ያሉት የተከላ ፕሮጀክቶች ዛፍን እንደ ቅርስ የሚጠበቅ ነገር አድርገው ስላቀረቡት ገበሬው ሸሻቸው። ዛፉ ከጸደቀ መንግሥት «የኔ ነው» ይላል፣ ምናልባት መሬቱንም ይከተለዋል ብሎ ሰጋ። ጄራልድ መሪ የተባለ አሜሪካዊ የሰው ልጆች ባህል አጥኚ በገጠር ተቀምጦ ይህን ፍርሃት ካጠና በኋላ ነገሩን ገለበጠው። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይሆን መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች በኩል በተጀመረው ፕሮጀክት ለገበሬው የተነገረው ቃል ግልጽ ነበር፦ ችግኙ ያንተ ነው፣ የምትተክለው በራስህ መሬት ነው፣ በፈለግህ ጊዜ ቆርጠህ ከሰል ወይም ማገር አድርገህ ትሸጣለህ። የተመረጡት ዛፎች በአራት ዓመት ገደማ ለገበያ የሚደርሱ ነበሩ። ችግኞቹም በትንንሽ መያዣ ስለፈሉ ቀላል ናቸው፤ አንድ ቤተሰብ በመቶ የሚቆጠሩትን በአንድ ቀን ተሸክሞ ዳገት ወጥቶ ይተክላቸዋል። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ለዳገት ሰው ትልቅ ነው፤ በአፈር የተሞላ ከባድ ከረጢት በጀርባ ተሸክሞ አቀበት የወጣ ሰው ያውቀዋል።

የፕሮጀክቱ ግብ በአራት ዓመት በ6 ሺህ ገበሬዎች 3 ሚሊዮን ዛፍ ማስተከል ነበር። አራቱ ዓመት ሲያልቅ 75 ሺህ ገበሬዎች 20 ሚሊዮን ያህል ተክለው ተገኙ። በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ደግሞ 300 ሺህ የገጠር ቤተሰቦች፣ ማለትም ከአገሪቱ የገጠር ቤተሰቦች ከሲሶ በላይ፣ ተሳትፈውበታል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚገርመው ግን በቁጥሩ ውስጥ የለም። የመቁረጥ መብት የተሰጣቸው ገበሬዎች ብዙዎቹ አራት ዓመት ሲሞላ አልቆረጡም። ዛፉን ለክፉ ቀን፣ ለልጅ ትምህርት፣ ለቀብር ወጪ እንደ ተቀማጭ ገንዘብ አቆዩት። መቁረጥ የተከለከለ ሰው ያገኘውን አጋጣሚ ተጠቅሞ ይቆርጣል፤ የተፈቀደለት ሰው ዋጋ እስኪወጣ ይጠብቃል። ሄይቲ በዚህ ሥራ ደኗ አልተመለሰም፤ ፕሮጀክቱም ደን እመልሳለሁ አላለም። ያደረገው ዛፍን በበቆሎው ዳር የሚበቅል ሰብል ማድረግ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የዚህ ሐሳብ ጠንካራው ማስረጃ የሚገኘው በአዊ ዞን፣ ከእንጅባራ ብዙም በማይርቀው የፋግታ ለኮማ ወረዳ ነው። አካባቢው ዝናብ አይቸግረውም፤ የሚቸግረው አፈሩ መኮምጠጡ ነው። የኮመጠጠ አፈር ማዳበሪያ ቢጨመርበትም ፎስፈረሱን አስሮ ስለሚይዘው ገብሱም ጤፉም እየቀጨጨ ሄደ። ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ ገበሬዎቹ ከአውስትራሊያ የመጣውን፣ በአካባቢው «ዲከረንስ» የሚባለውን የግራር ዘመድ በማሳቸው ላይ መትከል ጀመሩ። አካሄዱ ብልሃት ያለበት ነው። ክረምት ሲገባ ችግኙ በረድፍ ይተከላል፣ በመካከሉም በዚያው ዓመት ጤፍ ይዘራል፤ ስለዚህ ለችግኙ የተደረገው አረም የማረምና የመጠበቅ ሥራ በጤፉ ይከፈላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ጤፉ ቢቀርም በዛፎቹ መካከል ሣር ይበቅላል፤ ታጭዶ ለከብት ይሰጣል ወይም ይሸጣል። አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ዛፉ ይቆረጥና እዚያው ማሳው ላይ ተከምሮ፣ ሣርና አፈር ለብሶ ይከስላል። ከሰሉ በጆንያ ተሞልቶ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። የቀረው መሬት በወደቀው ቅጠል፣ በአመዱና በከሰሉ ብናኝ ጠቁሯል፤ ሥሩም ከአየር ናይትሮጂን ሲያስገባ ከርሟል። በዚያ ላይ ጤፍ ይዘራል፣ ችግኙም እንደገና ይተከላል።

በዚህ ዑደት ውስጥ ቤተሰቡ አንድም ዓመት ባዶ እጁን አልቀረም። መጀመሪያ ጤፍ፣ ቀጥሎ ሣር፣ በመጨረሻ ከሰል ይመጣል። ዘዴውን በወረዳው ያስፋፋው ይህ ነው እንጂ ቅስቀሳ አይደለም። ከሳተላይት የተነሱ ምስሎችን ያነጻጸሩ ጥናቶች በወረዳው የዛፍ ሽፋን እየጨመረ፣ የእርሻ መሬት እየቀነሰ መሄዱን አሳይተዋል፤ በተቀረው የደጋ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። እዚህ ላይ ለተፈጥሮ ጥበቃ ባለሙያ የማይዋጥ ነገር አለ። በየመድረኩ የደን ጠላት ተብሎ የሚወገዘው ከሰል በዚህ ወረዳ ዛፍ አስተከለ።

ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሱ ይገባል፤ ሁለቱ እውነት አላቸው። የመጀመሪያው «የምግብ መሬት ለዛፍ ከሄደ ሕዝቡ ምን ይበላል?» የሚለው ነው። ትግራይ ክልል እ.ኤ.አ. በ1997 በእርሻ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ እንዳይተከል የከለከለው በዚሁ ስጋት ነበር። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ የእህል ዋጋ ሲሰቀል ጤፍ ገዝቶ የሚበላ ከሰል ሻጭ ይጎዳል። ሆኖም ክርክሩ መሬትን ሁሉ አንድ አድርጎ ያያል። ታጥቦ ድንጋዩ የወጣ ተዳፋትና የረጋ ሜዳ እኩል እህል አይሰጡም። ገበሬው ራሱ ዛፉን የሚወስደው እህል ወደማይከፍለው ጥግ ነው፤ የሚጎዳው ጥጉ ለምንጭ ወይም ለጎረቤት ማሳ የቀረበ ከሆነ ነው። ስለዚህ ከጠቅላላ ክልከላ ይልቅ ከምንጭና ከድንበር ስንት እርምጃ ይራቅ የሚለውን ቀበሌው ቢወስን ይሻላል። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከገባ ጀምሮ ስንቱ ሲያወግዘው ያልጠፋው አጣናው ስለሚሸጥና ከጉቶው ደጋግሞ ስለሚያቆጠቁጥ ነው። ገበሬውን ከሱ የሚያላቅቀው እኩል የሚከፍል ሌላ ዛፍ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፊተኛው ይከብዳል። ገበያ ብቻ ከመራው ገበሬው ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ይተክላል፤ አንድ በሽታ ሲመጣም ሁሉም አብሮ ይወድቃል። ይህ በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ደርሷል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ዲከረንስን የሚያጠቃ ዋግ ገብቶ ተክሉን አጠቃው፤ በዛፉ የቆመ ኑሮም ተናጋ። ለዚህ መከራከሪያ መፈለግ አይገባም፤ ድክመት ነው። ግን የሚያሳየው የዝርያው ምርጫ መጥበቡን ነው። ገበሬው አንድ ዛፍ ብቻ የተከለው ሌላ የሚሸጥ ችግኝ ስላላቀረብንለት ነው። የግብርና ምርምር ማዕከላትና የችግኝ ጣቢያዎች ሥራ መሆን የነበረበት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዛፍ አዘጋጅቶ መጠበቅ ነበር።

ብዙ ዓይነት ዛፍ አሰባጥሮ የመትከል መንገድ እንዳለ የሚያሳየው በደቡብ ኢትዮጵያ ያለው ጌዴኦ ነው። የጌዴኦ ተዳፋት ከኢትዮጵያ ገጠሮች ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አንዱ ሆኖ ሳለ አፈሩን ይዞ ቆይቷል። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው እንሰት፣ በእንሰቱ መካከል ቡና፣ ከታች ደግሞ ጎመንና ሥራ ሥር አለ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ብዙ የተወራው ስለ ውበቱና ስለ እምነቱ ነበር። ለዚህ ምዕራፍ የሚጠቅመው ግን የገንዘቡና የምግቡ አደራደር ነው። ቡናው ለይርጋጨፌ ገበያ በዓመት አንድ ጊዜ ብር ያመጣል። እንሰቱ ለመድረስ ዓመታት ቢፈልግም የተወሰነ የመሰብሰቢያ ወር ስለሌለው በተቸገሩ ጊዜ ይፋቃል። የብርብራው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል፣ ዋንዛው ልጅ እስኪዳር ቆሞ ይጠብቃል። ሃያ ዓመት የሚፈጀው አገር በቀል ዛፍ እዚህ ቦታ ያገኘው ቶሎ በሚከፍሉት መካከል ስለተሸሸገ ነው። ለብቻው ተተክሎ ቢሆን ማንም ድሃ አይጠብቀውም ነበር። ጌዴኦን እንዳለ ወደ ጎጃም ወይም ወደ ወሎ መገልበጥ አይቻልም፤ እንሰትና ቡና የሚስማማው አየር የተለየ ነው። የሚወሰደው አሠራሩ ነው። ለቀዝቃዛው ደጋ በእርከኑ ጫፍ ላይ ለበግ የሚታጨድ ትሪ ሉሰርን፣ በጓሮ በሁለት ዓመት ገደማ ቅጠሉና እንጨቱ ለጠላና ለጠጅ የሚሸጥ ጌሾ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ደጋ ጨንቻ ላይ እንደታየው ፖም፣ በድንበሩ ግራቪሊያ፣ በመካከላቸው ጥቂት ዋንዛ ወይም ወይራ ሊሆን ይችላል። ወይና ደጋ ላይ ከዘር የበቀለ አቮካዶ ለማፍራት ስድስት ሰባት ዓመት ሲያስጠብቅ የተዳቀለው በሦስት በአራት ዓመት ይደርሳል። ያቺ የሦስት ዓመት ልዩነት ለአንድ ድሃ ቤተሰብ የመትከልና ያለመትከል ልዩነት ናት።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ለገበሬው የመቁረጥ ነጻነት ከተሰጠው የቀረውን ሁሉ ይጨርሰዋል» የሚል ነው። ይህን ሄይቲም ፋግታ ለኮማም መልሰውታል፤ ስለዚህ አላበዛበትም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 40 ላይ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም በጉልበት ወይም በገንዘብ በመሬቱ ላይ የተደረገ ማሻሻያ የባለይዞታው መሆኑን ይደነግጋል። ችግሩ ከወረቀቱ በኋላ ነው። በጓሮው ያሳደገውን ዛፍ ቆርጦ ወደ ከተማ ለመጫን ገበሬው ከቀበሌና ከወረዳ ፈቃድ ፍለጋ ሲመላለስ፣ መኪናው በየኬላው ሲቆም፣ የዛፉ ዋጋ መንገድ ላይ ያልቃል። ደላላው ይህን ስለሚያውቅ ማሳው ላይ በርካሽ ይገዛል። ከመንግሥት ደን የተሰረቀ ግንድንና ከማሳ የተቆረጠ ዛፍን መለየት የማይችል ኬላ፣ ሳያውቀው፣ ሕጋዊ ተካዩን ይቀጣል።

ተቃዋሚዎቹ ብዙ ጊዜ የማያነሱት አንድ ጉዳይም አለ። ዛፍ መትከል መሬት መያዝ ነው። በእኩል የሚያርስ ሰው በባለመሬቱ ማሳ ላይ ዛፍ ልትከል ቢል ባለመሬቱ ይዞታውን ሊነጥቀው እንደመጣ ይቆጥረዋል። መሬት የሌለው ወጣትና መሬቷን ለእኩል የሰጠች ባሏ የሞተባት ሴት ከዚህ ሁሉ ጥቅም ውጭ ናቸው። የይዞታ ደብተሩ ለባለመሬቱ ልብ ሰጥቶታል፤ በአማራ ክልል የተደረገ ጥናት ደብተር ያገኙ ቤተሰቦች በአፈርና ውሃ ጥበቃ ላይ ይበልጥ መሥራታቸውን አሳይቷል። እኩል አራሹ ግን ደብተር የለውም። ባለመሬቱና አራሹ የዛፉን ድርሻ አስቀድመው በጽሑፍ የሚስማሙበት፣ ቀበሌው የሚመዘግበው ውል ያስፈልጋል። ለመሬት አልባው ወጣት ደግሞ ችግኝ አፍልቶ መሸጡ ራሱ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ የጨንቻ ሰዎች ከፖሙ ፍሬ ብቻ ሳይሆን ከችግኙ ሽያጭም ገቢ አግኝተዋል። ችግኝን በነጻ ማደል ይህን ገበያ ይገድለዋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ከዚያ ወዲህም ክረምት በመጣ ቁጥር ቆጠራው ይቀጥላል። የሚቆጠረው ግን የሚተከልበት ቀን ነው፤ የዳገት ገበሬ ደግሞ የሚኖረው ከተከላው በኋላ ባሉት ሦስት አራት ዓመታት ውስጥ ነው። ስለዚህ ችግኝ ለምታፈሉና ለምታድሉ፣ በጀት ለምትመድቡና ሪፖርት ለምትጽፉ ሁሉ፦ ሐምሌን አትጠብቁ። እህሉ ተወቅቶ ዕዳው በሚከፈልበት በየካቲት ሄዳችሁ ከባለማሳው ጋር ተቀመጡ። የትኛው ጥግ እህል እንደማይከፍለው፣ በሁለተኛው ዓመት ምን እንደሚሸጥ፣ በአምስተኛው ዓመት መኪናው በየትኛው ኬላ እንደሚያልፍ ጠይቁት፤ የሚፈላውም ችግኝ በመልሱ ይወሰን።